ዓሣን መብላት በብልሃት፤ የተከዜስ የውኃ አባት ማን ነው?

አያቴ የአምደወርቅ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ቀምሰው አያውቁም፤ ስለ ዓሣ ግን ሦስት ተረት አላቸው። ልጅ ነገር ሲቆሰቁስ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ። ሹም ሲበላሽ «ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው» ይላሉ። አዲስ ሲሳይ ያገኘ ሰው ሲቸኩል ካዩ ደግሞ «ዓሣን መብላት በብልሃት» ብለው ይመክራሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ከተከዜ ቆላ ወጥቶ ቤት ሲገባ፣ ተረቱ ሁሉ በአንድ ጆንያ ታስሮ የመጣ መሰለ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ በግድቡ ሐይቅ ላይ ማስገር ጀምሯል። ጆንያው ውስጥ ያለው የዓሣ ቋንጣ ነው። አያቴ ሚስት፣ እማማ፣ ጆንያውን ከሩቅ እያዩ «ድስቴን አታሸትብኝ» አሉት። አያቴ ግን ድስቱ አላሳሰባቸውም። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ሦስት ነገር ጠየቁት፦ «ውኃው የማን ነው? ነገስ ይኖራል ወይ? አንተስ ደኅና ትመለሳለህ ወይ?»

ልጁ ሣቅ ብሎ «አባባ፣ አይጨነቁ፤ ዓሣው አያልቅም» አላቸው። እርሳቸው አልሣቁም። «እኛም ስለ ጫካው እንዲሁ ብለን ነበር» አሉ።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋል። ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ወደ ውኃ የወረደባቸው ወላጆችና አያቶች ዛሬ በዋግ ጥቂት አይደሉም። በጣናም፣ በዝዋይም፣ በጫሞም ያሉ ቤተሰቦች ጥያቄው የእነሱም ነው።

ሐይቁ እንዴት መጣ?

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ የዋግን ቆላ አቋርጦ፣ ሰሜንን ከትግራይ እየለየ ወደ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ ነው። ለደገኛው ተከዜ የሙቀት፣ የወባ፣ የአዞና የጉማሬ አገር ነበር። ሰው ለመሻገር ካልሆነ ለመኖር የሚወርድበት ስፍራ አልነበረም። ይህ የተለወጠው ኅዳር 2002 ዓ.ም. በተመረቀው የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሲጠናቀቅ በአፍሪካ ካሉት የቅስት ቅርጽ ግድቦች ሁሉ ረጅሙ ነበር። አራት ተርባይኖቹ በድምሩ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ከጀርባው የተጠራቀመው ውኃ ሲሞላ ዘጠኝ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል።

ግድቡ የተሠራው ለመብራት ነው፤ ስለ ዓሣ ብሎ የገደበው የለም። ዓሣው ግን ከጥንትም በወንዙ ውስጥ ነበር። ውኃው ሲተኛ፣ ሸለቆው ሲሞላ፣ ዓሣው በዛ። በዋግ ኽምራ በኩል የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሰሃላ ወረዳዎች የሐይቅ ዳር ወረዳዎች ሆኑ። ፍየልና ንብ ያረባ የነበረው ቆላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አስጋሪ አፈራ።

መረብ ላይ በብዛት የሚታዩትን ሦስቱን እንወቅ። ቆሮሶ ጠፍጣፋና ሰፊ፣ ቅርፊታም ዓሣ ነው፤ ከተማ ውስጥ ተጠብሶ በሰሐን ሙሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ረጅም ጢም ያለው፣ ከውኃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት የሚቆይ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ሥጋው የሚጣፍጥ፣ ሹል አጥንቱ ግን የሚበዛ ነው።

የአበርገሌ ወጣት ፍየል ሸጦ መረብ ቢገዛ አይገርምም። መሬት ተከፋፍሎ አልቋል፤ ዝናቡ በየጥቂት ዓመቱ ይከዳል። ከማስገር ሌላ ያለው አማራጭ ብዙ ጊዜ ወደ ሩቅ አገር ለቀን ሥራ መሄድ ነው። ወጣቶቹ በማኅበር ተደራጅተው መረብና ጀልባ ይዘው ሲወርዱ ለብዙ ቤት እፎይታ ሆነ። ከዚያ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት መጣ፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ተፈናቀሉ፤ ሥራውም ተቋረጠ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ድርቅ ተከተለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሐይቁ አያያዝ ስንነጋገር ሁለት ጊዜ የወደቀ ቤተሰብ የሚደገፍበትን ምርኩዝ ነው የምንነጋገረው። ምርኩዙ ደግሞ መሰበር የለበትም።

አንደኛው ጥያቄ፦ ውኃው የማን ነው?

አያቴ ይህን የጠየቁት ከልማድ ነው። በእርሳቸው አገር ባለቤት የሌለው ውኃ የለም። መስኖ ባለበት ሁሉ የውኃ አባት አለ፤ ማን በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ የሚለይ፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ የሰረቀውን የሚቀጣ። የውኃ አባት ውኃውን አልፈጠረውም፤ ገዝቶትም አይደለም። ሥራው ተራ ማስጠበቅ ነው።

ሐይቅም የውኃ አባት ይፈልጋል። በወረቀት ደረጃ አለው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማስገርን በሕግ የሚመራ ሥራ አድርጎታል። የሰቆጣ ዝናብ አጠር ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም የሐይቁን ዓሣና የአስጋሪዎቹን ሥራ አጥንተዋል። ዳሩ ግን አዋጁም ጥናቱም ሌሊት በጀልባ ላይ አይገኙም። መረብ የሚጣለው በጨለማ ነው፤ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ያለው ዳኛ አስጋሪው ራሱና ጓደኛው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ የሐይቅ አስተዳደር ተሻሻለ የሚባለው አዲስ ሰሌዳ ሲሰቀል አይደለም። እነዚህ ሲሟሉ ነው፦ ማን እንደሚያሰግር የሚታወቅበት መዝገብ ሲኖር፤ ስንት ጀልባና ስንት መረብ ውኃ ላይ እንዳለ ሲቆጠር፤ ዓሣው የሚወርድበት የታወቀ ወደብ ሲኖርና በየቀኑ የወረደው ሲመዘን፤ ደንቡንም አስጋሪዎቹ ራሳቸው ተስማምተውበት፣ ጥፋተኛውን ራሳቸው ሲቀጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ ወጣት ብቻውን ሕገ ወጡን መረብ ማስቆም አይችልም፤ ማኅበሩ ግን ይችላል።

ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁት በራሳቸው ሕግ ነው። ሥርዓቱ «ቄሮ» ይባል ነበር። ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ የሚከፈትበትን ቀን በጋራ ወስነው፣ ጥሶ የገባውን ይቀጡ ነበር። ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት፣ አገር ጎብኚ የሚመጣበት ስፍራ የሆነው ከዚያ ጥበቃ የተነሣ ነው። ሣር እንዲህ ከተጠበቀ ዓሣ የማይጠበቅበት ምክንያት የለም።

አንድ ተጨማሪ ችግር ግን አለ። ተከዜ የሁለት ክልል ውኃ ነው፤ ወዲህ አማራ፣ ወዲያ ትግራይ። ዓሣው ግን ወሰን አያውቅም። በዚህ በኩል የተጠበቀው እርጉዝ ዓሣ በዚያ በኩል ከተያዘ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ከሆነ፣ የጠበቀው ሞኝ ይባላል። የውኃ አባትነቱ የሚሠራው የሁለቱ ዳር አስጋሪዎች አንድ የመረብ ልክና አንድ የዕረፍት ወር ሲኖራቸው ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ለዚህ ያስፈልጋሉ። በገበያ፣ በጋብቻና በግጦሽ የተሳሰሩ ሰዎች ናቸውና፣ ወጣቶቹ ገና ያልጀመሩትን ንግግር አያቶቹ ሊጀምሩት ይችላሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ነገስ ይኖራል ወይ?

«ዓሣው አያልቅም» ያለው ልጅ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። አዲስ የተገደበ ውኃ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣ ያፈላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ውኃው የዋጠው ሣር፣ ቅጠልና አፈር ሲበሰብስ ለውኃው ማዳበሪያ ይሆናል፤ ዓሣውም ይጠግባል፣ ይራባል። ያ ማዳበሪያ ሲያልቅ ምርቱ ይቀንሳል። በዓለም ዙሪያ በግድብ ሐይቆች የታየ ነገር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተያዘውን ቆጥሮ ለወደፊቱም ያን ያህል የሚጠብቅ ማኅበር፣ በጥጋብ ዓመት እህል ዓይቶ ለክፉ ቀን ጎተራ እንዳላዘጋጀ ገበሬ ነው።

ምርቱ ሲቀንስ የሚመጣው ፈተና መረቡን ማጥበብ ነው። ትልቁ ዓሣ ሲጠፋ ትንሹን መፈለግ። የዓሣ መረብ ልኩ የሚታወቀው በዓይኑ ስፋት ነው። ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ትንሹ ዓሣ ሾልኮ ያልፋል፤ ያድጋል፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወልዶ ይያዛል። ዓይኑ ጠባብ ከሆነ ገና ያልወለደው ይያዛል። ያልወለደ ዓሣ መያዝ ጊደርን ማረድ ነው፤ የዛሬው ሥጋ ጥቂት፣ የነገው ወተት ምንም።

የዓሣ እናትነት ለሚያውቀው ያሳዝናል። የቆሮሶ እናት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላሏን የምትይዘው በአፏ ውስጥ ነው። እስኪፈለፈሉ፣ ከዚያም ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይህ ነው የሚባል ነገር አትበላም። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ ግር ብለው ይገባሉ። ይህን የምታደርገው ጥልቅ ባልሆነው የሐይቅ ዳር ነው፤ ደግሞም ለመረብ የሚመቸው ያ ዳር ነው። በበጋ ግድቡ ውኃ ሲለቅ ዳሩ ይሸሻል፤ አባትየው በጭቃ ላይ የሠራው ጎጆም ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ነጭ ዓሣ በበኩሉ ክረምት ሲገባ ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ላይ ይጥላል። አምባዛም ውኃው ሞልቶ ሣር ሲውጥ ወደ ዳር ይወጣል። በዚያ ወቅት የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው ሙሉ ትውልድ ያፍሳል። ቀላል ነው፤ ሁሉም በአንድ በር ነውና የሚያልፈው።

ስለዚህ ሦስት ደንቦች የግድ ናቸው፦ የመረብ ዓይን ልክ፣ በክረምቱ የመራቢያ ወራት ዕረፍት፣ ለዘለዓለም የሚከለሉ የወንዝ አፎችና የዳር ቦታዎች። አራተኛ ልጨምር፦ ብርብራ። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን አባቶች ያውቁታል፤ ዓሣውን ያሰክረዋል። ትልቅ ትንሽ ሳይለይ የሚገድል ነውና በሐይቅ ዘመን ቦታ የለውም።

የጣናን ነገር ለልጆቻችን እንንገራቸው። ጣና ላይ ሰዎች ለዘመናት በደንገል ታንኳ ያሰግሩ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ገቢም አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ገደማ ዓመታት ውስጥ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በመረብ ላይ የሚገኙበት መጠን ሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች ተመልክተዋል። ዋነኛ ምክንያት ብለው ያስቀመጡትም በወንዝ አፍ ላይ በመራቢያ ወቅት የሚደረገውን ማስገር ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ተከዜ ላይ ያሉ ማኅበራት ጣና የከፈለውን ዋጋ ሳይከፍሉ ትምህርቱን መውሰድ ይችላሉ።

የባሕር ማዶውንም እንይ። እንግሊዝ አገር ለመዝናኛ ብቻ ዓሣ የሚያጠምዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ለቀኑ ከፍለው ኩሬ ዳር በመንጠቆ ይቀመጣሉ፤ ያጠመዱትን ይመዝናሉ፤ ከዚያ በሕይወቱ ወደ ውኃው ይመልሱታል። አይበሉትም። እንዲያም ሆኖ ወንዞቻቸውን በየዓመቱ ለሦስት ወር፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 6 እስከ ሰኔ 8፣ ለመራባት ብለው ይዘጋሉ። ኩሬው አስተዳዳሪ ሲለወጥ ደንበኛው የሚጠይቀው ዓሣው እንዴት እንደተያዘ፣ ዳሩ እንዴት እንደተጠገነ ነው። ለጨዋታ የሚያሰግር ሰው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ለዳቦ የሚያሰግር እንዴት አይጠነቀቅ?

የዕረፍት ወሩ ግን ባዶ ሆድ አይወድም። ሦስት ወር መረብ አትጣል የተባለ ወጣት ምን ይብላ? መልስ የሌለው ደንብ ይጣሳል። ደግነቱ ክረምት የእርሻ ወቅት ነው፤ የቤተሰቡ እጅ ለማሳ ይፈለጋል። ከዚያ ሌላ ማኅበሩ በጾም ወራት፣ ገበያው ሲደራ፣ ከሚያገኘው ላይ ለክረምት የሚሆን ቁጠባ ቢያስቀምጥ ደንቡ እግር ያገኛል። ሁዳዴ ላይ የከተማው ሰው ዓሣ ይፈልጋልና ዋጋው ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም አውጥቶ መጨረስ ሳይሆን ለሐምሌ ማሳደር ነው ብልሃቱ።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ደኅና ትመለሳለህ ወይ?

ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ፈሪ አይደለም። የዋግ ደገኛ ልጅ ዋና ተምሮ አላደገም። የግድብ ሐይቅ ደግሞ ጥልቅ ነው፤ ከሥሩ የሰመጠ ዛፍና ገደል አለ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። አዞና ጉማሬም አሉ። ስለሆነም የሐይቅ መሻሻል ሲባል ከሁሉ በፊት የሚቀመጠው ሕይወት አድን ጃኬት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ለማኅበሩ አንድ አይደለም። ቀጥሎ ብቻውን የማይወጣ ሰው፤ ጀልባው የት እንዳለ የሚያውቅ የዳር ጠባቂ፤ ዋና የማይችል ከጀልባ በፊት ዋና የሚማርበት ሳምንት።

ወባውንም አንርሳ። ደገኛ ወደ ቆላ ሲወርድ ሰውነቱ ወባ አይችልም። ሌሊት ውኃ ዳር የሚያድር ልጅ አጎበር ይዞ መሄድ አለበት። ትኩሳት ከያዘው «ድካም ነው» ብሎ መተኛት ሳይሆን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው ያለበት። እናት ለልጇ ስንቅ ስትቋጥር አጎበሩን ከበሶው ጋር ታሥርለት።

ሌላው ደኅንነት የገንዘብ ነው። ሌሊቱን የደከሙበት ዓሣ ፀሐይ ሲወጣ መበላሸት ይጀምራል፤ በቆላ ሙቀት ሰዓታት ብቻ ናቸው ያሉት። በሞቃት አገር አንድ ኪሎ ዓሣ በአግባቡ ለማቆየት አንድ ኪሎ ገደማ በረዶ ይፈልጋል። በረዶ የሌለው አስጋሪ ዋጋ አይተምንም፤ መኪናና በረዶ ይዞ የመጣው ነጋዴ ይተምንለታል። የሐይቁ ውኃ 300 ሜጋ ዋት እያመነጨ ዳሩ ላይ በረዶ መሥሪያ መብራት ካልደረሰ፣ ወላጆች ይህን በስብሰባ ላይ አንሥተው ቢጠይቁ ነውር የለበትም። በረዶ እስኪመጣ ድረስ ያለው መንገድ ጨውና ፀሐይ ነው። ቋንጣ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ በወንፊት ተሸፍኖ፣ ቀጭን ተቀድዶ፣ በጨው ታሽቶ ሲደርቅ ሳምንታት ይቆያል። ይህን ሥራ የዋግ ሴቶች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የሥጋ ቋንጣ የማን እጅ ነው? እንግዲህ ማኅበሩ ሴቶችን አባል ያድርግ፤ ድርሻ ይስጥ።

አራተኛው ጥያቄ፦ የእማማ

እማማ መጀመሪያ ድስታቸውን ደበቁ እንጂ፣ በማግሥቱ ጠዋት ጥያቄ ይዘው መጡ፦ «ለሕፃን ይሆናል ወይ?» አሉ። እኔን ያስገረመኝ ከሁሉ ይህ ነው። የማይበሉትን ምግብ ለልጅ ልጅ ልጃቸው አሰቡት።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ሥራውም መጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። እንግዲህ ስሙ የእኛ ነው፤ ውኃው የእኛ ነው፤ በውኃው ውስጥ ያለው ዓሣ ደግሞ ቀንጭሮ የሚያድገው ሕፃን የሚያጣውን ገንቢ ምግብ የያዘ ነው። ዓሣው በመኪና ተጭኖ አልፎ ሲሄድ፣ ሕፃኑ ከመንገዱ ዳር በደረቅ ገንፎ ካደገ፣ ተሻሻለ ያልነው ነገር ምን ተሻሻለ?

ዓሣ ሲሸጥ በብዛት የሚፈለገው ፊሌቶው ነው። ከሦስት ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ራሱና አጥንቱ ከነተጣበቀበት ሥጋ ዳር ላይ ይጣላል፤ ይሸታል፤ ጅብ ይጠራል። ያ ራስና አጥንት ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ በወንፊት ተጠልሎ ሲወጣ ጥሩ ሾርባ ነው። ገበያው የሚፈልገው ለገበያ ይሂድ፤ የቀረው ለቤት ይሁን። ሕፃን በልቶ የሚጠግበው በጥቂቱ ነው፤ ማኅበሩም አይከስርበት።

ለእማማ የነገርናቸውን ለእናንተም እንንገር። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው፣ ከእናት ጡት ጋር፣ ዓሣ መቅመስ ይችላል። ዓሣው በደንብ ይቀቀል። አጥንቱ በጣት እየተዳሰሰ አንድም ሳይቀር ይለቀም፤ ለዚህ ከነጭ ዓሣ ይልቅ ቆሮሶና አምባዛ ይመቻሉ። ከዚያ በማንኪያ ተልሞ ከገንፎው ወይም ከተፈጨው ድንች ጋር ይቀላቀል። መጀመሪያ ትንሽ ቀምሶ ሰውነቱን ካላሳከከው፣ ካላበጠው፣ በየጊዜው ይጨመርለት። ቋንጣው ጨው ያለበት ከሆነ ለሕፃን አይሁን፤ ለአዋቂም ቢሆን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ጨውን ያውጣ። ትኩስ ዓሣ ስትገዙ ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ዓይኑ የሰረጎደ፣ ስንጥቡ የጠቆረ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ይለፋችሁ።

ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለየቤቱና ለየንስሐ አባቱ እንተወው። ሕፃን ግን ጾም የለበትም፤ በዚህ የሚከራከር የለም።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ልጅህ ወይም የልጅ ልጅሽ ከውኃው ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አይባል። እነዚህም ይጠየቁ። የመረባችሁ ዓይን ስንት ጣት ያስገባል? ክረምቱን ታርፋላችሁ? የወንዙን አፍ ማን ይጠብቃል? ማዶ ካሉት ጋር ተነጋግራችኋል? የያዛችሁትን ትመዝናላችሁ፣ ትጽፋላችሁ? ጃኬት አለህ? አጎበርህስ? ለቤት ምን አስቀረህ? ልጁ መጀመሪያ ይሰለቻል። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ መልስ ይዞ ይመጣል። ጓደኞቹም ቤት ሄደው ይህንኑ ከተጠየቁ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነገሩ በራሱ ይነሣል። ሌሊት ሐይቅ ላይ ባለሥልጣን አይገኝም፤ የአባት ጥያቄ ግን ከልጁ ጋር በጀልባው ይሳፈራል።

የአጎቴ ልጅ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲነሣ አያቴ በር ድረስ ሸኙት። መረቡን ከጆንያው አስወጥተው ሦስት ጣታቸውን በዓይኑ ውስጥ አስገቡ፤ ገባ። አራተኛውን ሞከሩ፤ ጠበበ። «ይህች ትበቃለች?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ጥቂት አሰበና «እጠይቃለሁ፣ አባባ» አላቸው። «አያልቅም» አላለም።

እማማ ከኋላ ሆነው «ስትመለስ ጭንቅላቱንም አምጣ፤ አትጣለው» ብለው ጮኹበት። ለቋንጣው አሮጌ ድስት ለይተውለታል።